ቱርቦው ዳገት ላይ፣ ተማሪው ስላይድ ላይ

ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል በኩል ሽቅብ የወጣ ታክሲ አዲሱ ገበያ ሲያራግፍ ተሳፋሪውን መጀመሪያ የሚቀበለው ድምፅ ነው። የጎጃም መንገድ ከዚህ በኋላ እንጦጦን ይዞ ይወጣል። ሲሚንቶ ሊጭን ወደ ደርባ የሚሄደው ሲኖ፣ ወደ ሱሉልታ የሚመለሰው አይሱዙ፣ ሁሉም እዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ይቀንሳል፤ ያቃስታል። ከማቃሰቱ በላይ ደግሞ ቀጠን ያለ ፉጨት ይሰማል። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ቱርቦው ነው። ፉጨቱ ከተለወጠ መኪናው ጉልበት እንደሚያጥረው፣ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ቱርቦው ዘይት መብላት ሳይጀምር እንዳልቀረ ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም።

ያ ፉጨት የትንሽ ተርባይን ድምፅ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ምላጭ ያለውን አንድ መሽከርከሪያ ይነዳል፤ በዚያው ዘንግ ማዶ ያለው ሌላው መሽከርከሪያ ንጹሕ አየር ስቦ፣ ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በሁለቱ መካከል ያለውን የናፍጣ ሞተር አውጥቶ በምትኩ እሳት የሚነድበት ጣሳ ቢገጠምበት የሚገኘው ማሽን ጋዝ ተርባይን ይባላል። ቦሌ የሚነሳውን አውሮፕላን የሚያበረውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን፣ የብረትና የጥንቃቄ ነው።

የዚሁ ሰፈር ልጅ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሲማር ግን ይህን ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ስላይድ ላይ ነው። አንድ ሳጥን ኮምፕረሰር፣ አንድ ሳጥን ማቃጠያ፣ አንድ ሳጥን ተርባይን፣ በመካከላቸው ቀስት። ቀመሩን ይሸመድዳል፤ የብሬይተንን ዑደት በሁለት መስመር ይስላል፤ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተናም ኮምፒውተር ላይ ምርጫ እየጠቆመ ያልፋል። ኢንጂነር ተብሎ ሲመረቅ ተርባይን ሲነሳ አጠገቡ ቆሞ ሰምቶ አያውቅም። ሳጥን ሣለ እንጂ ማሽን አላወቀም።

ይህ ጉዳይ የጥቂት መምህራን ቅሬታ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም ቦይንግ 720 ጄቶችን ማብረር ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ ከ140 በላይ አውሮፕላኖች አሉት። እያንዳንዱ አውሮፕላን ክንፉ ላይ ቢያንስ ሁለት ተርባይን ተሸክሟል፤ አብዛኞቹ ጅራታቸው ውስጥ ሦስተኛ ትንሽ ተርባይን ጨምረው ይዘዋል፤ መሬት ላይ ሳሉ መብራትና አየር የሚሰጣቸው እሱ ነው። አገሪቱ ውጭ ምንዛሪ ከምታገኝባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ በዚህ ማሽን ላይ ቆሟል ማለት ነው። በሌላ በኩል በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ከ50 ዓመት በፊት የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ የመጀመሪያ ምዕራፍ ምርቱ ተመርቋል። ጋዝን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ማሽኖች ዋነኛው ጋዝ ተርባይን ነው። ውኃ የነዳው ተርባይንና እሳት የነዳው ተርባይን ደግሞ ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ህዳሴ ግድብ ላይ የሠራ ባለሙያ እዚህ ሲመጣ ብዙውን ነገር እንደገና ይጀምራል።

ስሙ ራሱ አማርኛ ተናጋሪውን ያሳስታል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋዝ ሲባል ለብዙው ሰው ቶሎ የሚታወሰው የምድጃው ነጭ ጋዝ ነው። ጋዝ ተርባይን ሲባል ግን «ጋዝ» የተባለው ነዳጁ አይደለም፤ ምላጩን የሚያሽከረክረው ትኩስ አየርና ጭስ ነው። ነዳጁ ናፍጣም፣ የተፈጥሮ ጋዝም፣ ነጭ ጋዝም ሊሆን ይችላል። (ለነገሩ የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው።) ከስሙ ይልቅ የሚቀርበው የአንጥረኛው ወናፍ ነው። አንጥረኛ በወናፍ አየር እየገፋ ፍሙን ያግላል። ጋዝ ተርባይን ማለት እሳቱ ራሱ ዞሮ ወናፉን የሚነፋበት ማሽን ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ወናፉ ሆዳም ነው። በ1939 እ.ኤ.አ በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተተከለው የመጀመሪያው ጋዝ ተርባይን 15,400 ኪሎዋት ጉልበት ያወጣ ነበር። ከዚያ ውስጥ 11,400ውን የራሱ ኮምፕረሰር ይበላዋል። ለከተማው የሚተርፈው 4,000 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሙከራዎች የከሸፉትም በዚሁ ነው፤ ማሽኑ የሚያወጣውን ሁሉ ራሱ በልቶ ይጨርሳል። በ1903 እ.ኤ.አ ኖርዌያዊው ኤጊዲየስ ኤሊንግ የሠራው ተርባይን ራሱን ችሎ 11 የፈረስ ጉልበት ሲያተርፍ ትልቅ ዜና የሆነው ለዚህ ነው። ኮምፕረሰሩ ትንሽ ቢቆሽሽ፣ ምላጩ ትንሽ ቢበላ፣ የሚጎዳው ከዚያች ከተረፈችው ላይ ነው። ይህን ተማሪ በቁጥር ቢያነበው «እሺ» ብሎ ያልፈዋል። መለኪያው ፊት ቆሞ ነዳጁ ሲጨመር፣ ድምፁ ሲጮህ፣ የሚወጣው ጉልበት ግን ይህችን ብቻ ሆኖ ሲያየው ግን አይረሳውም።

የጄት ሞተር ታሪክም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የእንግሊዝን አየር ኃይል የተቀላቀለው በዛሬው አነጋገር የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ ሆኖ ነው። የጄት ሞተርን ሐሳብ በ1930 እ.ኤ.አ በፓተንት አስመዘገበ። በ1935 ማሳደሻው 5 ፓውንድ ነበር፤ መንግሥት አልከፍልም አለ፤ እሱም ገንዘቡ ስላልነበረው ፓተንቱ ወደቀ። ሞተሩን ግን አልተወውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1937 እ.ኤ.አ ራግቢ ከተማ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳው። ሞተሩ ተነሳ፤ ከዚያ ግን ሩጫውን አላቆምም አለ። ዊትል የነዳጁን ቫልቭ ዘጋ፤ ማሽኑ ግን ፍጥነቱን እየጨመረ ጮኸ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ሮጡ። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከመነሳቱ በፊት የፈሰሰ ነዳጅ ማቃጠያው ክፍል ሥር ተጠራቅሞ ነበርና ቫልቭ ቢዘጋም እሳቱ የሚበላው ነበረው። መፍትሔው የተጠራቀመው ነዳጅ የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀት ብቻ ነበር።

የዚህን ሞተር ቀመር ዊትል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያችን የተጠራቀመች ነዳጅ ግን የትኛውም ቀመሩ ውስጥ አላገኛትም። ዛሬም አንድ ተርባይን ሲነሳ ከባዱ ሰዓት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ናቸው። አየሩ ሳይበቃ ነዳጅ ቀድሞ ከገባ ጭሱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ መካኒኮች ሆት ስታርት ይሉታል። በትልቅ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ስህተት በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ምላጭ ያቃጥላል። አንድ ወጣት ይህን ስህተት የሚሠራበት ቦታ ላብራቶሪ መሆን አለበት፤ እዚያ ካልሠራው የሚሠራው ሰው በተሳፈረበት ማሽን ላይ ነው።

ለማስተማሪያ የሚሆኑ ጋዝ ተርባይኖች በዓለም ገበያ አሉ። የጀርመኑ ጉንት፣ የእንግሊዙ ቴክኪፕመንት፣ የአሜሪካው ተርባይን ቴክኖሎጂስ የሚሸጡት በጎማ የሚገፋ ጠረጴዛ ላይ የተገጠመ ትንሽ ጄት ነው። ከኮምፕረሰሩ በፊትና በኋላ፣ ከማቃጠያው በኋላ፣ ከተርባይኑ በኋላ የሙቀትና የግፊት መለኪያ ተተክሎበታል፤ ንባቡ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። የአሜሪካው ሞተር በደቂቃ ከ80,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሞተር መጀመሪያ ለሞዴል አውሮፕላን የተሠራ ዓይነት ነው። ያ ዓይነት ደግሞ መነሻው ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ኩርት ሽሬክሊንግ የሚባል ጀርመናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ ቤቱ ውስጥ የሠራው ሞተር ከመነሻዎቹ አንዱ ነው፤ የኮምፕረሰሩ መሽከርከሪያ ከእንጨት ነበር።

ዋጋው ግን በአሥር ሺህዎች ዩሮ ይቆጠራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የትኛውም የዩኒቨርሲቲ ዕቃ ግዥ ዕቅድ በብር ሲሰላ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቢገዛስ? የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች ገዝተው ሳይጠቀሙበት የተቀመጠ ዕቃ ነገር ተደጋግሞ ይነሳል። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዴት እንደሚሞት መገመት አያስቸግርም። ሣጥኑ ይመጣል። ገጣሚው ባለሙያ ከውጭ እስኪመጣ ይጠበቃል። የሰለጠነው መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ይሄዳል። ኃላፊነቱ በስሙ የተመዘገበው የንብረት ሠራተኛ «ቢበላሽስ በማን ደመወዝ?» ይላል። ቁልፉ ኪሱ ይገባል። የሠራተኛው ፍርሃት ደግሞ ከአየር የመጣ አይደለም፤ የተሰበረ ዕቃ ያስጠይቃል፣ ያልተነካ ዕቃ ግን ማንንም አያስጠይቅም። ሕጉ እንዲህ እስካለ ድረስ በጣም ጥሩው ላብራቶሪ የተቆለፈው ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ነጋዴው አይነግርም። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር የባህር ጠለል ቁጥር ነው። አዲሱ ገበያ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ እፍጋት ከባህር ዳር አየር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። ኮምፕረሰሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ግፊቱም፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ከሐምቡርግ የመጣ ማሽን አዲስ አበባ ሲነሳ ቁጥሩ ከመመሪያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር «ተበላሽቷል» የሚል ርክክብ ኮሚቴ አይጠፋም። ያ ልዩነት ግን ለኢትዮጵያ ተማሪ ከትምህርቱ ሁሉ የተሻለው ገጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲበር መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላበት፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የቦሌ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅ ባለው የቢሾፍቱ አካባቢ የታሰበውም ይህ ከግምት ገብቶ ነው። በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ውሳኔ ጀርባ ያለውን ፊዚክስ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለካው ይችላል። በመጽሐፉ የታተመው ምሳሌ ግን አየሩን ዛሬም ከባህር ጠለል ይጀምረዋል።

«ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሲሙሌሽን አለ፤ ማሽኑ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ሲሙሌሽን ጥሩ ነው፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን ያስገቡለትን ይመልሳል። የላላ ቡሎን፣ የተደፈነ የነዳጅ ቀዳዳ፣ የሚዋሽ የሙቀት መለኪያ አያውቅም። መሐንዲስ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ደግሞ ማሽኑ ታመመ ወይስ መለኪያው ዋሸ የሚለውን በመለየት ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከዳገቱ። ከአዲሱ ገበያ በቀለበት መንገዱ ወደ ዊንጌት ሲወረድ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው፣ በኋላ መለስ ዜናዊን ጨምሮ ብዙ የአገሪቱ ስም ያላቸው ሰዎች የተማሩበት ጀነራል ዊንጌት አለ። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ብየዳ፣ ቶርኖና የመኪና ጥገና የእንዲህ ያለ ኮሌጅ የዕለት እንጀራ ነው። ከዚህ በላይ ለመጀመሪያው ተርባይን የሚመች ቤት የለም። ከከባድ መኪና የወጣ ደህና ቱርቦ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ማቃጠያው ውስጡ የተበሳሳ የማይዝግ ብረት ቱቦ ነው፤ በያጅ ይሠራዋል። ማስነሻው ንፋስ የሚገፋ ብሎወር፣ እሳት ሰጪው ካንዴላ፣ ነዳጁ የቤት ሲሊንደር ጋዝ። ዘንጉ የሚንሳፈፍበትን ዘይት በግፊት የሚልክ ፓምፕ ግድ ነው፤ ያለ እሱ ኩሽኔታው በሰከንዶች ይሄዳል። አራት የሙቀት መለኪያና ሁለት የግፊት ጌጅ ሲጨመርበት ማንኛውም የመጽሐፍ ጥያቄ ሊሞከርበት ይችላል። በብዙ አገር የሚገኙ ተማሪዎችና ጋራዥ ወዳዶች ይህን ሠርተውታል፤ ምስጢር አይደለም።

አደጋው ግን ቀልድ አይደለም። በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ብረት ከፈነዳ ጥይት ነው። አሮጌ ቱርቦ ሳይመረመር መነሳት የለበትም፤ መሽከርከሪያው በወፍራም ላሜራ ታጥሮ፣ ተማሪው ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ በካሜራ እያየ፣ ነዳጁን ከሩቅ የሚዘጋ ቫልቭ በእጁ ይዞ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚሠራው። ጆሮ መሸፈኛም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን የትምህርቱ ክፍል እንጂ እንቅፋቱ አይደለም። ቦሌ የሚቀጠር ወጣት ከቀመሩ በፊት የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያውን ቆጥሮ አስገብቶ፣ ቆጥሮ ማውጣት።

ቱርቦው ሁሉንም አያስተምርም። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ያለው በብዙ ረድፍ የተደረደረ ኮምፕረሰር፣ የሚያልፍበት ጭስ ከብረቱ ማቅለጫ በላይ እየጋለ በውስጡ በሚሄድ አየር የሚቀዘቅዘው ምላጭ፣ አየሩን ከ40 እጥፍ በላይ የሚጨምቀው የ787ቱ ሞተር፣ ጋራዥ ውስጥ አይገኙም። እዚህ ላይ የአየር መንገዱ ድርሻ ይመጣል። ሞተር የሚፈታበትና የሚጠገንበት ክፍል ያለው ድርጅት ነው። ዕድሜያቸው አልቆ ወደ አውሮፕላን የማይመለሱ ምላጮችና ዲስኮች ከዚያ ይወጣሉ። ወደ ሰማይ እንዳይመለሱ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ተቆርጠው፣ ለፖሊ ቴክኒኮችና ለዩኒቨርሲቲዎች ቢሰጡ ማንም አይጎዳም። የተቃጠለ የምላጭ ጫፍ በእጁ የያዘ ተማሪ ሆት ስታርት ምን እንደሆነ ዳግም አይጠይቅም። የራሱ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አለውና ለሌላው የሚያካፍለው ልምድም አያጣም።

ከውጭ የሚገዛው ሙሉ ማሽን ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይድረስ ማለት ደግሞ ለማንም አይድረስ ማለት ነው። መንግሥት ከአርባ በላይ ዩኒቨርሲቲዎች አሉት፤ የምርምር፣ የአፕላይድና አጠቃላይ ብሎ የከፈላቸውም ራሱ ነው። ክፍፍሉ ወረቀት ላይ ካልቀረ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ጥሩ ላብራቶሪ ተሠርቶ ሌሎቹ ተማሪያቸውን ለአንድ ሳምንት ቢልኩ ይበቃል። ባሕር ዳር አንድ፣ አዲስ አበባ አንድ። አውቶቡስና ማደሪያ ከሁለተኛ ማሽን ይረክሳል።

ግዥው ሲፈረምም ውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ሁልጊዜ ግን የሚቀነሱት እነሱ ናቸው። የአምስት ዓመት መለዋወጫ አብሮ ይምጣ። ስልጠናው ወደ ትምህርት ለሚሄደው መምህር ብቻ ሳይሆን እዚያው ለሚቀሩት ሁለት የላብ ቴክኒሺያኖች ይሰጥ፤ ደመወዛቸውም በዓመቱ ጋራዥ ከፍተው እንዲሄዱ የሚያደርግ አይሁን። ነዳጅ ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይኑረው፤ ጄት ያለ ነዳጅ የቤት ዕቃ ነው። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ማሽኑ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ተነስቶ ቁጥሩ በአዲስ አበባ አየር ተሰልቶ ሲገጥም ይሁን። በተማሪ እጅ የተበላሸ ዕቃም እንደ ፍጆታ እንጂ እንደ ጥፋት አይመዝገብ። ይህ የመጨረሻው አንድ መመሪያ መለወጥ ብቻ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚከብደውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እስከዚያው ግን ከአዲሱ ገበያ ዳገት ግራና ቀኝ፣ በየጋራዡ ጥግ ዘይት የበላ ቱርቦ ተጥሎ ይገኛል። የአሉሚኒየሙ ቤት ተሰንጥቋል፤ መሽከርከሪያው ግን በጣት ሲነኩት ዛሬም ይዞራል። ቅዳሜ ቆራሌው ሲያልፍ በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል።